ወደ ኋላ የሚጮኸው ጥሩምባ

«ነፍቻለሁ አልኩህ! ከጉብታው አናት ላይ ቆሜ፣ ፊቴን ወደ እናንተ አዙሬ፣ ደጋግሜ ነፍቻለሁ!» አለ ባዘዘው።

«ለማን ነፋህ? ለጅብ?» አለ አበባው። «እኛ ማዶ ወይራ አምባ ላይ ሰው ይቅርና ውሻ ቀና አላለም። እህቴ ተቀብራ አድራ እኔ የሰማሁት በማግስቱ ከመንገደኛ ነው። ያውም እየሳቅሁ ሰላም ስለው!»

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ዓይኑን ወደ መሬት ሰደደ። የሞተችው በወዲህኛው መንደር የምትኖረው የአበባው ታላቅ እህት ሥራነሽ ናት። ባዘዘው ደግሞ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነው፤ ሰው ሲያርፍ ከሸለቆው ወዲህና ወዲያ ያሉትን መንደሮች የሚጠራው እሱ ነው። ሰሞኑን ስልኩ ሁሉ ኔትወርክ አጥቶ ስለከረመ፣ ያን ቀን ከእሱ ትንፋሽ በቀር መልእክተኛ አልነበረም።

«የድንበሩን ነገር አልረሳኸውም ማለት ነው» አለ አበባው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሬሳ ላይ ቂም ትወጣለህ ብዬ ግን አልጠረጠርሁም።»

ይህች ቃል ባዘዘውን አንጀቱ ድረስ ዘለቀችው። በእርሻ ድንበር መካሰሳቸው እውነት ነበር፤ ሽማግሌ ገብቶ ከታረቁ ግን ቆይተዋል። ጥሩምባ ነፊ ሙት አማረጠ ከተባለ ምን ይቀረዋል? ነገሩ ከዚህ ድንኳን ከወጣ አምበር ገበያ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ልጆቹ «የዚያ የቂመኛው» እየተባሉ ይኖራሉ።

«እሱ ምን ያድርግ፣ ዕቃው ነው እንጂ» አለ የእድሩ ዳኛ ገዳሙ። «እኔስ ድሮም ያን የተጠማዘዘ ነገር አልወደድሁትም። የበግ ሆድ ዕቃ ነው የሚመስለው።»

አንዳንዱ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ።

ዕቃው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነበር። የእድሩ አሮጌ የቆርቆሮ ጥሩምባ ቢሰነጠቅ፣ የባዘዘው ሚስት እህት የኔአለም የሟች ባሏን ዕቃ ሰጠች። ባሏ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ሲነፋው የኖረ፣ ፍሬንች ሆርን የሚባል የናስ ዕቃ ነው። «ሳጥን ውስጥ ተዘግቶበት ከሚያረጅ ለሙታን ይጥራላቸው» ብላ ስትሰጠው፣ አያያዙን ከባሏ ፎቶግራፍ ላይ አሳየችው፤ ግራ እጅ ቁልፎቹ ላይ፣ ቀኝ እጅ ሰፊው አፍ ውስጥ።

ባዘዘው ገና በመጀመሪያው ትንፋሽ ወደደው። አሮጌው ቀጥ ያለ ነበር፤ ድምፁም ከወንጭፍ እንደ ወጣ ድንጋይ ቀጥ ብሎ ሄዶ ጆሮ ይመታል። የዚህኛው ቱቦ ግን ቢዘረጋ የሁለት ሰው ቁመት ያህላል፤ ትንፋሹ ያን ሁሉ ዞሮ ሲወጣ ወፍራምና ለስላሳ ይሆናል። ሐዘንም እንዲህ ባለ ድምፅ ቢነገር ይሻላል ብሎ ነበር። ለሞት ሲነፋው ግን የሥራነሽ የመጀመሪያው ነው።

«እንዲያው ለነገሩ» አለች ወለተ ኪዳን ከሴቶቹ መካከል፤ ቤቷ ከጉብታው ጀርባ ነው። «እኔስ ያን ቀን ደጃፌ ላይ የተነፋ መስሎኝ ሊጡን ጥዬ ነው የወጣሁ። በአሮጌው ጊዜ እኮ እኛ ከኋላ ያለነው ሰው ካልላካችሁብን ምንም አንሰማም ነበር።»

ባዘዘው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ከድንኳኑ ወጣና ዕቃውን ይዞ ተመለሰ። ወደ ከንፈሩ አስጠጋው። ሰፊው አፍ በቀኝ ጎኑ በኩል ወደ ኋላ ተከፍቶ ቆመ፤ በዚያ ላይ የገዛ እጁ ውስጡ ገብቶ ወትፎታል።

«እናንተ ሰዎች» አለ ቀስ ብሎ። «ይህን የሠራው ሰው ኋላው ግድግዳ ያለበት አዳራሽ አስቦ ነው የሠራው። ድምፁ ግድግዳውን መትቶ ወደ ሰው ይመለሳል። እኔ ኋላዬ ምን አለ? ሜዳ! ወይራ አምባን እያየሁ የጠራሁት የወለተ ኪዳንን ቤት ነው።»

«አሁን ማምለጫ ዘዴ አገኘህ» አለ አበባው።

«እንግዲያው እንሞክረው። አንተ ተሻግረህ አድምጥ።»

«ወግድ!» አለ ገዳሙ። «ሰው ሳይሞት ጥሩምባ ይነፋል? አገር እየጮኸ ሲመጣ ማን ሞተ ልንል ነው? ሞትን በስሙ መጥራት ነው ይኼ።»

ሁሉም አጉረመረመ። አበባው ብቻ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ሰውስ ሞቷል» አለ። «ወይራ አምባ ነው ያልተነገረው። እኔም ወሬ ሰማሁ እንጂ ማንም አላረዳኝም። ልሻገርና ንፋልኝ።»

ቁልቁል ወርዶ ወንዙን ተሻገረ። ጋቢው ከማዶ አፋፍ ላይ ነጭ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ለቀስተኛው ጉብታው ላይ ቆሞ ጠበቀ። ባዘዘው ዞረና ጀርባውን ለወይራ አምባ ሰጠ። አፈረ፤ በዕድሜው ሙሉ ለሰው ጀርባውን ሰጥቶ ሞት ተናግሮ አያውቅም። ቀኝ እጁን ከሰፊው አፍ ውስጥ አወጣ፣ ክብደቱን ከውጭ ደገፈና ነፋ። ድምፁ እንደ ያን ቀኑ አልታፈነም፤ ደምቆ፣ የናስ ጠርዙን እያንቀጠቀጠ ወጣ። ወዴት እንደሚወድቅ ግን ማየት አልቻለም። ደገመው። ከዚያ ዞሮ አንድ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የአበባው እህት ሥራነሽ አርፋለች!»

ማዶ ነጩ ጋቢ ባለበት ቆመ። ከዚያ የወንድ ጩኸት ተሰማ፤ ተከትሎ የሴቶች፤ ከየደጃፉ እየወጡ አፋፉን ሞሉት። ቁልቁለቱን ሲወርዱ የወዲህኞቹም «ወይኔ እህቴ!» እያሉ ሊቀበሏቸው ወደ ወንዙ ወረዱ። ገዳሙ ራሱ ዳኝነቱን ረስቶ ደረቱን እየመታ ሄደ።

አበባው ከፊት ነበር። ባዘዘው ከመንገዱ ዳር ጠበቀው፤ ቃል ባይሆን እንኳ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ቢያየው ብሎ። አበባው ግን ዓይኑ በእንባ ተሞልቶ፣ በሁለት ሰዎች ተደግፎ፣ በአጠገቡ አለፈ። ሕዝቡ ተከትሎት ወደ ድንኳኑ ወጣ፤ ለቅሶው እንደ መጀመሪያው ቀን አዲስ ሆነ።

ባዘዘው ዕቃውን እንደ መኪና መሪ እያዞረ ቱቦው ውስጥ የቀረውን የትንፋሹን ውሃ ሣሩ ላይ አፈሰሰ። የዕቃውን አፍ በነጠላው ጫፍ ጠረገው። ከዚያ ብብቱ ሥር ይዞት በእርሻው ዳር ባለው ቀጭን መንገድ ወደ ቤቱ ወረደ።