ሁለቱም ቀይ

አባቴ በሰፈሩ «ኢንጂነር» ይባላል። የኮሌጅ ደጃፍ አልረገጠም፤ ግን በጉልምስናው የግማሹን ሰፈር ኤሌክትሪክ የዘረጋው እሱ ነው። አሁን እጁ ስለሚንቀጠቀጥ መሰላል መውጣት ተከልክሏል። ስለዚህ የሳሎኑ አሮጌ መብራት ሲሰነጠቅ አዲሱን እንድሰቅል የተጠራሁት እኔ ነኝ።

እኔ መኪና መንዳት አስተምራለሁ። ቀኑን ሙሉ እግሬን ፍሬን ላይ አድርጌ፣ አሁን ገጨ አሁን ገጨ እያልኩ ነው የምውለው። ያ ጠባይ ቤት ድረስ ይከተለኛል። ያን ቅዳሜ ጠዋት ገና መሰላሉን ሳልዘረጋ ማጥፊያውን ሁለት ሦስቴ አየሁት። እማዬ ደግሞ ጭንቀቴን አባባሰችው። ከሳሎን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ሳሎን ትመላለሳለች፤ ያላዘዝኳትን ጨርቅ ታመጣለች፣ መልሳ ትወስደዋለች።

«ቁጭ በይ እንጂ እማዬ!»

«ምን አደረግኩሽ? ቆሜ ባይ ምን አለበት?»

እማዬ ኤሌክትሪክ ትፈራለች። እኔ ሕፃን ሳለሁ እዚሁ ሳሎን አምፖል ልትቀይር ወንበር ላይ ወጥታ፣ ኤሌክትሪክ ይዟት ወርውሮ ጥሏት ነበር። ያኔ የተሰበረው የግራ ክንዷ እስከ ዛሬ በደንብ አይዘረጋም። ከዚያ ወዲህ አምፖል ነክታ አታውቅም፤ ሲቃጠል አባዬ ከሥራ እስኪመጣ በጨለማ ትቀመጥ ነበር። አባዬም ቤት ለመጣ እንግዳ ሁሉ፣ «በርጥብ እጇ ነክታው! ማጥፊያውንም ማጥፋቷን እንጃ!» እያለ ያስቃል። እሷም አብራ ትስቃለች።

«ማጥፊያውን አጥፍተሻል አይደል? ውጪ በቃ» አለኝ አባዬ ሶፋው ላይ ሆኖ።

«ዋናውን ብሬከር ባጠፋው ይሻላል።»

«ፍሪጁን ልታጠፊብኝ? እኔ የዘረጋሁትን መስመር እኔ አላውቀውም?»

ከኢንጂነር ጋር መከራከር ትርፉ ድካም ነው። ወጣሁ። አምፖሉን ነቅዬ የአሮጌውን መብራት ክዳን ስፈታ፣ ከኮርኒሱ ቀዳዳ ሁለት ሽቦዎች ብቅ አሉ። ሁለቱም ቀይ።

«አባዬ፣ ሁለቱም አንድ ቀለም ናቸው እኮ!»

«ያኔ ሌላ ቀለም የት ይገኝ ነበር? የተገኘውን ነው የዘረጋሁት።»

ከኪሴ ቴስተሯን አወጣሁ፤ ሽቦው ኤሌክትሪክ ካለው እጀታዋ ውስጥ ነጥብ የምታህል መብራት የምትበራ ካቻቢቴ ነች። አንደኛውን ነካሁ፤ ምንም የለም። ሁለተኛውን ስነካ ቦግ አለች።

እጄ አየር ላይ ቀረ። ማጥፊያውን ዞሬ አየሁት፤ ጠፍቷል። ደግሜ ነካሁ። በራች።

«አባዬ፣ ኤሌክትሪክ አለው!»

«ቴስተርሽ ተበላሽታ ነው።»

«ና እየዋ!»

እያጉረመረመ መሰላሉ ሥር መጣ። ቀና ብሎ ሲያይ ማጉረምረሙን አቆመ። ወደ ማጥፊያው ሄዶ አበራ፣ አጠፋ፣ አበራ፣ አጠፋ። ቴስተሯ እንደበራች ናት።

ብሬከሩን ራሱ ሄዶ አጠፋው። እኔ የማጥፊያውን ክዳንና ግድግዳው ላይ ያለችውን የሽቦዎች መገናኛ ሣጥን ከፈትኩ። ከኋላዬ ቆሞ፣ ትንፋሹ ማጅራቴን እየነካኝ፣ በጣቱ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ተከተላቸው።

«መላሹ ሽቦ ላይ ነው ማጥፊያውን የገጠምኩት» አለ በመጨረሻ። «ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ላይ ነበር መሆን የነበረበት።»

«እና? ምን ማለት ነው?» አለች እማዬ በሩ ላይ ቆማ።

አየኝ፤ እኔ እንድመልስለት ፈልጎ ነበር። ቴስተሯን ኪሴ ከተትኩ።

«ማጥፊያው ሲጠፋ አምፖሉ ይጠፋል» አለ። «ኤሌክትሪኩ ግን እዚያው ነው።»

«እኔ አጥፍቼው ነበር።»

«አዎ።»

«እጄም ደረቅ ነበር። ነግሬህ ነበር እኮ።»

«ነግረሽኝ ነበር።»

እማዬ ክንዷን በሌላው እጇ ይዛ ቆመች። «ስትስቅብኝ ስትስቅብኝ እኔም አመንኩህ። ረስቼው ነው እንጂ እጄ ርሶ ይሆናል ብዬ ራሴን ተጠራጠርኩ።»

«የመጀመሪያ ዓመት ሥራዬ ነበር፤ አላውቅም ነበር።»

«አለማወቅህን ተወው። ወጥተህ ብታየው ምን ነበረበት?»

አባዬ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «ፈራሁ መሰለኝ» አለ። «ጥፋቱ የኔ ሆኖ ቢገኝስ ብዬ።»

እማዬ ወደ ግቢ ወጣች። በመስኮት አየኋት፤ ከአጥር እስከ አጥር ትራመዳለች። አባዬ በሩን ይዞ አንዴ ሊወጣ፣ አንዴ ሊመለስ ይወላውላል። እኔ ሽቦዎቹን አዛውሬ ገጠምኩ፤ ዳግመኛ ማንም እንዳይሳሳት መላሹን በጥቁር ናስትሮ ጠቀለልኩት። አዲሱን መብራት ሰቅዬ ብሬከሩን መለስኩ። ማጥፊያው ሲጠፋ ቴስተሯ ጭል እንኳ አላለችም።

«ደህና ሆኗል አባዬ።»

አልሰማኝም። «በዚያ ዓመት ስንት ቤት ነው የዘረጋሁት?» እያለ በጣቱ ይቆጥራል። ጫማውን አደረገና፣ «መሰላሉን ያዢ» አለኝ።

በር እያንኳኳን ገባን። «ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፤ ልየው» ይላል በየደጁ፤ ይቺን ቃል ከአፉ ሰምቻት አላውቅም። እኔ እወጣለሁ፣ እሱ ከታች ይጠይቃል፤ «በራች? አልበራችም?» በሦስት ቀን አሥራ አንድ ቤት አየን። አራቱ ላይ ያው ስህተት ነበር፤ አስተካከልናቸው።

እማዬ እስከ ማክሰኞ አላናገረችውም። ማክሰኞ ጠዋት፣ ቀሪዎቹን ቤቶች ሊያይ ከእኔ ጋር ሲወጣ ከኋላው ተጣራች።

«አንተ! የጫማህ ሶል ተገንጥሏል። ሌላውን አድርገህ ሂድ።»

ተመልሶ ገባ፤ ቀየረና ወጣ።