ሉሁ የተሳበበት አቅጣጫ

ትኩሱ የፕላስቲክ ሉህ በሁለቱ ሮለሮች መሃል ተጨፍልቆ ሲወጣ ኦፕሬተሯ ዓይኗን ሳትነቅል ታየው ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አይታው አልጠገበችውም። ወፍራምና ደብዛዛ ሆኖ ይገባል፣ ሳስቶና ጠርቶ ይወጣል። የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበትማ ፋብሪካ ውስጥ መሆኗንም ትረሳለች። "ደግሞ ነጎደች!" እያሉ ባልደረቦቿ ይስቁባታል።

የእህቷ ልጅ ከላቦራቶሪው በር ላይ ጠራቻት።

"አክስቴ፣ አንዴ ነይልኝ። ብቻሽን።"

ልጅቱ ከትናንቱ ምርት አንድ ቁራጭ ብርሃን በሚያጣሩ ሁለት ጥቋቁር መስታወቶች መሃል አድርጋ ወደ መብራቱ ያዘችው። ሐምራዊ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ቀለም ፈሰሰበት፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን የተኛ። ኦፕሬተሯ ሕልሟን ሰው አውጥቶ ያሳያት መሰላት።

"ሲያምር!"

"ማማሩስ ያምራል። ሮለሩ ሲስበው ውስጡ ያሉት ደቃቅ ክሪስታሎች ወደ ተሳበበት ይተኛሉ። በዚያ በኩል ብትጎትቺው አይበጠስም። በጎን በኩል ግን..." ቁራጩን አጠፈችው። ቀጭ ብሎ ለሁለት ተሰነጠቀ። "ይሄ የእግር ድጋፍ የሚሠራበት አይደል? ማነው አግድም የቆረጠው?"

ኦፕሬተሯ የተሰነጠቀውን ቁራጭ ተቀበለቻት። ከአንድ ሉህ በአራት ፈንታ አምስት እንዲወጣ ብላ የመቁረጫውን ቅርጽ ያዞረችው እሷው ናት። አለቃው "እንዳንቺ ያለ ከየት ይገኛል!" ብሎ ነገ የፈረቃ ኃላፊ ሊያደርጋት ነው። ለዚህ ቦታ ስድስት ዓመት ደጅ ጠንታለች።

"ድጋፉን የሚያደርጉት ሕፃናት ናቸው" አለች ቀስ ብላ።

"አዎ። መኪናው ደግሞ እየተጫነ ነው።" ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እስካሁን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፤ ዝም በይ ካልሽኝ ዝም እላለሁ።"

"ዝም በይ ብዬ ነው እንዴ ያሳደግኩሽ?"

እንዲህ አለች እንጂ እግሯ ከቦታው አልተነቃነቀም። አንድ ሕፃን በሰፊ ግቢ ውስጥ ሲሮጥ ታያት፤ እየሳቀ፣ ፀሐዩን እያሳደደ። ሕልሟ ድጋፉ የታሰረበት ቁርጭምጭሚቱ ጋ ሲደርስ ዓይኗን ገለጠች። ፈራች። የኃላፊነቱ ቦታም አሳሳት፣ በጣም አሳሳት።

መኪናው ጋ ስትደርስ ሾፌሩን የመጨረሻውን እሽግ ሲቆጥር አገኘችው።

"አውርደው ወንድሜ።"

"እትዬ፣ ዛሬስ በቁምሽ ነው የምታልሚው? አለቃ ምን ሊለኝ ነው?"

"አንተን ምንም አይልህም። የመመለሻ ቅጹን ስጠኝ።"

ቅጹን የመኪናው ጎን ላይ አስደግፋ "የብልሽቱ ምክንያት" ከሚለው ፊት ለፊት "አግድም ተቆርጧል" ብላ ጻፈች። መልሳ አነበበችው። ከዚያ "ተቆርጧል" የሚለውን ሰርዛ "ቆርጬዋለሁ" ብላ ፈረመችበት።