በወረቀቱ ጥግ ላይ የነበረው ቁጥር

ሙንተሃ አንድ ነገር ካልገባት ምግብ የማይዋጥላት ሰው ናት። ደሴ ያሉት እናቷ «የዚህች ልጅ ጥያቄ ማለቂያ የለውም፤ እኔስ የማዝነው ለሚያገባት ነው» ይሉ ነበር። አግቢው እስካሁን ብቅ አላለም፤ ጥያቄዋ ግን ሐዋሳ ድረስ አምጥቶ ዩኒቨርሲቲ አስገብቷታል። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቷ ርዕስ በአንድ ትንፋሽ ተነቦ አያልቅም። ፍሬ ነገሩ ግን አጭር ነው፤ ሰው በቀበሌው አገልግሎት ቅር ሲሰኝ ይናገራል ወይስ ዝም ይላል? ዝም ካለስ ለምን?

ይህን ለማወቅ ታቦር በሚባለው ዳገታማ ሰፈር መቶ አርባ ቤት በዕጣ አወጣች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዳገቱን ስትወጣና ስትወርድ የጫማዋ ሶል አለቀ። በየቤቱ የምትለው አንድ ነበር፤ «ስምዎ አይጻፍም። ማን ምን እንዳለ እኔም አላውቅም፣ ሌላም ሰው አያውቅም። ሞልተው አጥፈው እዚህ ይክተቱልኝ።» የምትዘረጋው ሳጥን የጫማ ካርቶን ነው፤ ክዳኑ በፕላስተር ታሽጎ አናቱ ላይ በምላጭ ቀዳዳ ወጥቶለታል። የመጨረሻው ቤት ሳያልቅ እንደማትከፍተው ለራሷ ምላ ነበር። ለእሷ ዓይነት ሰው ይህ ቀላል መሐላ አይደለም።

ብቻዋን አልነበረችም። ቀበሌው አብረዋት በር እንዲያንኳኩ አቶ በላይነህን መድቦላታል። አቶ በላይነህ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው አዛውንት ናቸው። እሳቸው ሲያንኳኩ ውሻው ሳይቀር ጩኸቱን ይቀንሳል። ወረቀቶቹን በር ላይ አዘገጃጅተው እሳቸው ያድላሉ፤ እሷ ገብታ ታስረዳለች። ፀሐዩ ሲበረታና ሲደክማት «አይዞሽ ልጄ፣ አምስት ቤት ብቻ ነው የቀረን» ይሏታል፤ የሚቀረው ሁልጊዜም ከአምስት በላይ ነው። አባቷን በልጅነቷ ያጣችው ሙንተሃ እሳቸውን ለመውደድ ብዙ ጊዜ አልፈጀባትም።

ሳጥኑን የከፈተችው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ወረቀቱን እየዘረጋች ኮምፒውተሯ ላይ ትመዘግብ ጀመር። ዓይኗ ያለው ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ነው፤ «በቀበሌው አገልግሎት ቅሬታ ቢኖርዎ ያለ ስጋት ያቀርባሉ?» አዎ። አዎ። አዎ። ሃምሳኛው ወረቀት ላይ ስትደርስ ጣቷ ሳያይ የሚጽፍ ሆነ። ደስ ሊላት ሲገባ ከፋት። ቀበሌው ግቢ ወረፋ ላይ ተቀምጣ ሰው እርስ በርሱ ሲያጉረመርም በጆሮዋ ሰምታለች፤ ያ ሁሉ ሰው የት ገባ?

ከዚያ አንድ «አላቀርብም» ወጣ። ቀጥሎ ሌላ። ሙንተሃ ሁለቱን አንስታ ወደ መስኮቱ ወሰደቻቸውና ከሌሎቹ ጋር አስተያየቻቸው። ያኔ ነው ያየችው። በሌሎቹ ወረቀቶች ላይ፣ ከላይ በስተቀኝ፣ በእርሳስ የተጻፈች ትንሽ ቁጥር አለች። የእጅ ጽሑፉ ንጹሕ ነው። በእነዚህ ሁለቱ ላይ ግን ምንም የለም።

የቤት ቁጥር ነው፤ በየአጥሩ በር ቆርቆሮ ላይ ያለው።

ወረቀቱን ሁሉ አልጋዋ ላይ ለሁለት ከፈለችው። ቁጥር ያለው መቶ ሃያ ሁለት፣ የሌለው አሥራ ስምንት። አሥራ ስምንቱን ቤቶች ወዲያው አስታወሰች፤ አቶ በላይነህ ለቅሶ ሄደው ብቻዋን የዞረችበት ቀን ነው። ከመቶ ሃያ ሁለቱ መቶ አሥራ ዘጠኙ ያለ ስጋት እናቀርባለን ብለዋል። ከአሥራ ስምንቱ አሥራ አራቱ አናቀርብም።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ፈርተው «አንፈራም» ያሉ መቶ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች! እንዲህ ያለ ነገር ፈልጎ የሚያገኝ የለም። ደስታው ግን ውሎ አላደረም። ለመቶ ሃያ ሁለት ሰው ማንም አያውቅም ብላ ቃል ገብታ፣ ሰዎቹ ደግሞ የገዛ ቤታቸውን ቁጥር እያዩ ዋሽታለች ብለው ሞልተውላታል። ፊቷ በሐፍረት ጋለ።

ሰኞ አማካሪዋ ዶክተር በርናባስ ዘንድ ገባች። ዶክተሩ ጠረጴዛቸው ላይ የተቆለለው የሌላ ተማሪ ወረቀት ከአገጫቸው ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ሰምተዋት ሲያበቁ ዓይናቸውን አሹ።

«ጥግ ጥጉን በመቀስ ቁረጪና ቀጥይ። ጥናትሽን ቀርበሽ የምትከላከዪበት ዲፌንስ አንድ ወር አልቀረውም። ይህ ካለፈሽ እስከ ከርሞ ነው፤ ለትምህርት የለቀቀሽ መሥሪያ ቤት ደግሞ ቦታሽን ይዞ አይጠብቅሽም።»

«ቁጥሩ ይቆረጣል ዶክተር። ፍርሃቱስ በምን ይቆረጣል?»

ዶክተር በርናባስ የቀን መቁጠሪያቸውን ገለጡ። «አሥር ቀን» አሉ፤ «አንዲት ቀን አልጨምርም።»

ከዚያ ወጥታ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወረደችና የዓሣ ሾርባ አዘዘች። ሾርባው ፊቷ ቀዘቀዘ። የከበዳት ሥራው አልነበረም፤ አቶ በላይነህ ናቸው። ቀበሌው ጻፉ ብሏቸው ከሆነ ያሳዝናል። ካላላቸው ደግሞ ይብሳል፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ሰው በእሳቸው ቁጥር የተነሣ እንደፈራ የምትነግራቸው እሷ ናት።

ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ስትደርስ ግቢያቸው ያለችውን ሎሚ ውኃ እያጠጡ ነበር። ወንበር አወጡላት። ከቦርሳዋ ጥቂት ወረቀት አውጥታ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችና ቁጥሩን በጣቷ አሳየቻቸው።

«ጋሼ፣ ይህን እርስዎ ነዎት የጻፉት?»

«ታዲያ ማን ይጻፈው?» አሉ ኮራ ብለው። «አንቺ ልጅ ነሽ፣ አይገባሽም እንጂ ቁጥር የሌለው ወረቀት የጠፋ ወረቀት ነው። ሠላሳ አራት ዓመት አንድ ደብዳቤ ከእጄ አልጠፋም።»

«ቀበሌው አዝዞዎት ነው?»

«ማንም አላዘዘኝም። ላግዝሽ ብዬ ነው እንጂ። እስቲ አምጪው…» መነጽራቸውን አጠለቁ። «ይኸው፣ ይህ የመምህር ካሳሁን ነው። ይህ የሩት፣ ባሏ ባጃጅ የሚነዳው። ይህ ደግሞ የወይዘሮ የሺ፤ አየሽ፣ መጀመሪያ አላቀርብም የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ ሰርዛ አዎ የሚለውን…»

አልጨረሱትም፤ ራሳቸው ናቸው ያቆሙት። አቶ በላይነህ የወይዘሮ የሺን ወረቀት ይዘው ስርዙን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ጎረቤቴ ናት» አሉ። «ሃያ ሁለት ዓመት። ባሏ ሲሞት ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ።» ከዚያ «ቀበሌውን ነው የፈራችው ወይስ እኔን?» ሲሉ ጠየቁ።

«አላውቅም ጋሼ።»

«እኔም አላውቅም።»

ገብተው መቀስ ይዘው ወጡ። የቀረውን ወረቀት ሁሉ ከቦርሳዋ አስወጧትና ጥጉን አንድ በአንድ መቁረጥ ጀመሩ። ልቁረጥልዎ ብትል እሺ አላሉም። ቁርጥራጩ እግራቸው ሥር ሲከማች አንገቷን ወደ ሎሚዋ አዞረች። ሲጨርሱ ሰብስበው ራሳቸው አቃጠሉት።

«ከመቶ ሃያ ሁለቱ አርባ ቤት በዕጣ አውጥቼ እንደገና እዞራለሁ» አለቻቸው። «በዚህኛው ግን… ብቻዬን ነው።»

«ገብቶኛል» አሉ። ከፍቷቸዋል፤ ሊደብቁትም አልሞከሩም። «አንድ ጥያቄ ግን ጨምሪልኝ። እኔ አጠገባቸው ብቆም መልሳቸው ይለወጥ እንደሆነ።»

«ጋሼ፣ መልሱ ደስ ላይልዎት ይችላል።»

«ደስታ መቼ ፈለግሁ? ማወቅ ነው የፈለግሁት።»

ሙንተሃ ማስታወሻዋን አወጣች። የእሷው በሽታ የያዘውን ሰው በምን አፏ ትከለክላለች?

ጥያቄው ገባ። «ይህን ቅጽ አቶ በላይነህ ባሉበት ቢሞሉ መልስዎ ይለወጥ ነበር?» ይላል፤ አሥራ ሦስተኛው ነው። ሙንተሃ አምስት ቀን ዞረች። በየቤቱ ስትገባ መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቀች፤ ቁጥሩ እንዴት እንደተጻፈና እንደተቃጠለ ነገረች። አንዳንዱ ሳቀ። አንዱ ደግሞ ወረቀቱን በሁለቱም በኩል አገላብጦ ካየ በኋላ ነው እስክሪብቶ ያነሣው። ወይዘሮ የሺ በሩ ድረስ ወጥተው መንገዱን ወዲህና ወዲያ ቃኙና «ዛሬ ብቻሽን ነሽ?» ብለው ወረቀቱን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። የአቶ በላይነህም ቤት በዕጣው ወጥቶ ስለነበር እንደ ማንኛውም ሰው ወረቀቱን ሰጥታቸው ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። አጥፈው ከተቱት።

ሳጥኑን እንደገና የከፈተችው አርባኛው ቤት ካለቀ በኋላ ነው። ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ሃያ ስምንቱ «አላቀርብም» ብለዋል። ለጥናቷ የምትፈልገው እጇ ገብቷል፤ ዲፌንሱም አላመለጣትም። አሥራ ሦስተኛውን ግን ሦስት ጊዜ ቆጠረችው። ሦስቱም ጊዜ ያው ነው።

ወደ ታቦር ስትወጣ ባጃጅ መያዝ ትታ በእግሯ ሄደች፤ መንገዱ እንዲረዝምላት ነው። «ጥቂት ሰዎች» ብላ ማለፍ ትችል ነበር። «እንደ ነገሩ ነው» ማለትም ይቻላል። አቶ በላይነህ በር ላይ ቆመው ስታያቸው ግን ይህ ሁሉ ከአፏ ጠፋ፤ የጠየቋት እውነቱን ነው፣ ሌላ ነገር መስጠት መናቅ መሰላት።

«ከአርባው ሃያ ሰባቱ ይለወጥ ነበር ብለዋል፣ ጋሼ።»

አቶ በላይነህ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንበራቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሙንተሃ የምታጽናናበት ቃል ስትፈልግ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት።

«በፊተኛው ዙርም የእኔ ቤት በዕጣው ወጥቶ ነበር። ወረቀቱ ላይ ቁጥሬን ጻፍኩ፤ ከዚያ ቁጥሩን እያየሁ አዎ፣ ያለ ስጋት አቀርባለሁ አልኩ። በሠላሳ አራት ዓመት አንዲት ቅሬታ አቅርቤ አላውቅም።» መነጽራቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩት። «ከሃያ ሰባቱ አንዱ እኔ ነኝ፣ ልጄ።»