ስታገቢ ይተውሻል

ዶክተሯ ወረቀት ስባ ማሕፀን ሳለች፤ እጆቹን ግራና ቀኝ የዘረጋ ሰው ይመስል ነበር። ከዚያ አንደኛውን እጅ አጠፈችው፤ ሌላኛውን ከጎኑ ጋር አጣበቀችው።

«ባለፈው ሳምንት ሆድሽ ውስጥ ባስገባነው ካሜራ ስናይሽ ያገኘነው ይኼን ነው» አለች። «የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ በቅሏል። በየወሩ እሱም ይደማል፤ ደሙ ግን መውጫ የለውም። እዚያው ያቆስላል፣ ቁስሉ ጠባሳ ይሆናል፣ ጠባሳው ደግሞ በአጠገቡ ያገኘውን ሁሉ ያጣብቃል። ቱቦዎችሽ ተጣመዋል። እንቁላሉ ቢወጣም ማለፊያ አያገኝም። ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል።»

ፊት ለፊቷ የተቀመጠችው ሹፌር ስሙን በልቧ ለመድገም ሞከረች፤ አልያዘላትም። ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠች። ዐሥር ዓመት የከተማ አውቶቡስ ስትነዳ ባልደረቦቿ «ጄኔራሏ» የሚሏት ቀጥ ብላ ስለምትቀመጥ ነበር። አንዴ ከጎበጠች ቀና ማለት እንደሚያቅታት፣ የወር አበባዋ ሲመጣ ጥርሷን ነክሳ፣ ላብ በጀርባዋ እየወረደ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ እንደምትደርስ የሚያውቅ አልነበረም።

«መቼ ጀመረሽ?»

«ከመጀመሪያው የወር አበባዬ።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለእናቴ። ስታገቢ ይተውሻል አለችኝ።»

«እሺ፤ አገባሽ።»

«አልተወኝም። ከዚያ ደግሞ ስትወልጂ ይተውሻል ተባልኩ።»

ከጎኗ የተቀመጠው ባሏ ጉሮሮውን ጠረገ። ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ የተበላሸ ነገር ሁሉ አንድ የላላ ብሎን ያለው ይመስለዋል። «ተስፋ የለውም ማለት ነው?» አለ።

«እንደሱ አላልኩም። የተጣበቀውን በቀዶ ጥገና እናላቅቃለን፤ ያ ካልሆነ ከሰውነት ውጭ ማስፀነስ አለ። ይህ ሕመም ኖሮባቸው የወለዱ ብዙ ናቸው። ቃል ግን አልገባላችሁም። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ…» ዶክተሯ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ተወችው።

ኮሪደሩ ላይ ባሏ ቦርሳዋን ተቀብሎ ያዘ። የሊፍቱን ቁልፍ ተጫነና መልሶ ተወው።

«ይኼን ሁሉ ዓመት አጠገቤ ተኝተሽ ታምሚ ነበር?»

«ያመኛል ብዬህ ነበር።»

«ትንሽ ያመኛል ነበር ያልሽኝ።» ቦርሳዋን ወደ ደረቱ አስጠጋ። «ጀርባሽን ስትሰጪኝ እኮ የጠላሽኝ ይመስለኝ ነበር።»

እጁን ልትይዝ ስትል ስልኳ ጮኸ፤ ታናሽ እህቷ ነበረች። «እቴቴ፣ ዛሬም ብሶብኛል» አለችና መስመሩ ተቋረጠ።

«ሂጂ» አላት ባሏ። «ማታ እንነጋገራለን።» ስትርቅም ቦርሳዋን እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ ቦርሳዋ እሱ ጋ መቅረቱ ትዝ ያላት መንገድ አጋምሳ ነው።

የእናቷ ቤት ቅርብ አይደለም፤ ግን አውቶቡስ ውስጥ መቀመጥ አልቻለችም። በእግሯ ሄደች። ቆም ማለት ፈራች፤ ከቆመች የምታለቅስ መሰላት።

ታናሽ እህቷ ተጣጥፋ አልጋ ላይ ተኝታለች፤ የፎጣ ጫፍ ነክሳለች። እናትየዋ የሞቀ ውሃ በጠርሙስ ይዛ አጠገቧ ተቀምጣለች።

«ከትምህርት ቤት ቀረች?»

«ወሯ ሲመጣ የምታደርገው ነው። ቆይታ ትነሳለች። አንቺስ እንዲሁ አልነበርሽ?»

«እንዲሁ ነበርኩ» አለች ሹፌሯ። ፎጣውን ከእህቷ አፍ ቀስ ብላ አወጣች። «ተነሺ የኔ እናት፣ ልበሺ። ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

እናትየዋ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ያላገባች ልጅ እዚያ ምን ልታደርግ? ሰው ቢያያት ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል! እማዬ፣ ቱቦዎቼ ተጣብቀዋል። በየወሩ ውስጤ እየደማ፣ እየቆሰለ ነው የኖርኩት። ሴት ስለሆንኩ አይደለም፤ በሽታ ነው፣ ስም አለው። ያን ጊዜ ብትወስጂኝ ኖሮ…»

እናትየዋ ጠርሙሱን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«በአንቺና በሷ መሀል ስንት ዓመት አለ?» አለች ቀስ ብላ። «ያን ሁሉ ዓመት ሌላ ልጅ መድገም የጠላሁ መሰለሽ? እኔንም እኮ አልተወኝም።»

ሹፌሯ መንገዱን ሙሉ ስታከማች የመጣችውን ቁጣ የምታወርድበት አጣች። ማንን ልትቆጣ? የእናቷን እጅ አየች፤ የጠርሙሱን አንገት ጨምድዶ ይዟል። እሷ መሪውን የምትይዘው እንደዚያ ነው።

«እቴቴ» አለች ልጅቷ ካልጋው ላይ፣ ፊቷ አመድ መስሏል። «እኔም አልወልድም ማለት ነው?»

የሚያጽናና ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ፤ ቀላል፣ ጣፋጭ፣ እሷን ያሳደጋት ዓይነት ቃል። ዋጠችው።

«አላውቅም» አለቻት። «ያንቺ ያው ይሁን ሌላ ገና አልታወቀም። ያው ከሆነም ሳይብስ ይያዛል። የምንሄደው ለዚህ ነው።»

ልጅቷ ክንዷን በእህቷ አንገት ላይ ጠመጠመች። እግሯን እየጎተተች በሩ ጋ ሲደርሱ ከኋላቸው ወንበር ተገፋ።

«ቆዩኝ» አለች እናት። «የኔንም ልንገራት፤ ለዶክተሯ።»

ሹፌሯ ዞራ ልታይ ፈለገች፤ የእህቷ ክብደት አላስዞራትም። ውጭ መኪና ያልፋል፣ ይቆማል፣ ጡሩምባ ይነፋል። እናትየዋ ሻርፗን ገልብጣ ለብሳ ወጣች፤ ማንም አላረማትም። የልጅቷን ሌላኛውን ክንድ ይዛ ትከሻዋ ላይ አደረገችውና ሦስቱም ወደ መንገዱ ወረዱ።