አንድ ሊትር ያለ ዲናሞ

ገዲሴ ለቡ ባለች ጠባብ ጋራዥ የመኪና ኤሌክትሪክ ስትሠራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዲናሞው የተቃጠለበት ሁሉ እሷ ጋ ይመጣል። ደህናውን ዲናሞ ከሥራ አውጪልኝ ብሎ የመጣ ግን ጋሼ እንግዳ ብቻ ናቸው።

ጋሼ እንግዳ መካኒሳ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። አሮጌ ነጭ ኮሮላ አለቻቸው። በዚያ ሳምንት ለቤንዚን ሁለት ቀን ተሰልፈው ነበርና ዓይናቸው ቀልቷል፤ ድምፃቸው ግን የጎረምሳ ነው።

"ዲናሞን የሚያዞረው ምንድን ነው? ሞተር! ሞተርን የሚያዞረውስ? ቤንዚን! ታዲያ ባትሪውን ቤቴ ቻርጅ አድርጌ ብወጣ፣ ዲናሞው ለምን ቤንዚኔን ይበላል?"

"ጋሼ፣ ዲናሞውን ከሞተሩ ጋር የሚያዞረውን ቺንጋ ከፈታሁት የውሃ ፓምፑም አብሮ ይቆማል። ሞተሩን ሊቀቅሉት ነው?"

"እሱን ታውቂያለሽ ብዬ አይደል አንቺ ጋ የመጣሁት!"

ልትስቅባቸው ነበር፤ አልሳቀችም። ወደ ዲናሞው የምትገባዋን ቀጭን ሽቦ ቆርጣ ማብሪያ ማጥፊያ ብታስገባባትስ? ሲጠፋ ዲናሞው በባዶው ይዞራል፤ ሞተሩ ላይ አይከብድም። በግማሽ ሰዓት ገጥማ ጨረሰች።

እሁድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ወጡ። ገዲሴ የቤንዚኑን መስመር ከታንከሩ ነቅላ፣ በትክክል አንድ ሊትር የያዘች ጄሪካን ላይ አሰረችው። መጀመሪያ ዲናሞው እየሠራ ነዱ። ከለቡ ላፍቶ፣ ከላፍቶ መካኒሳ፣ ደግሞ መልስ። መኪናዋ አሥራ አንድ ኪሎሜትር ከአራት መቶ ሜትር ሄዳ ቆመች።

ሌላ ሊትር ሞልተው፣ ከተነሡበት ተነሥተው፣ ዲናሞውን አጠፉ። አሥራ አንድ አለፈ። አሥራ አንድ ከአራት መቶ አለፈ። አሥራ ሁለትም አለፈ!

"እየሄደች ነው! ጋሼ፣ እየሄደች ነው!" ገዲሴ ዳሽቦርዱን በመዳፏ ትደበድባለች።

አሥራ ሁለት ከሦስት መቶ ላይ መኪናዋ ተንተፋተፈችና ጠፋች። ጋሼ እንግዳ መሪውን ሳሙት።

ደስታቸው ግን ብዙ አልቆየም። መስመሩን ወደ ታንከሩ መልሰው፣ ዲናሞው እንደጠፋ ሲመለሱ ዝናቡ ወረደባቸው። ዝናብ መጥረጊያው፣ የፊት መብራቱ፣ ሁሉም ከባትሪው ይጠጣል። ላፍቶ ሲደርሱ መጥረጊያው እንደ ደከመው ሰው መጎተት ጀመረ፤ ገዲሴ የያዘችው ቴስተር ከአሥራ ሁለት ቮልት በታች ወርዷል።

"ዲናሞውን ያብሩት ጋሼ! ሞተሩ ሊጠፋብን ነው!"

"ትንሽ ቆዪ" አሉ፤ እልህ ይዟቸዋል።

እሷ ግን አልጠበቀችም፤ እጇን ሰዳ አበራችው። መኪናዋ ቁልቁለቱን እየወረደች ነበር፤ ጋሼ እንግዳም እግራቸውን ከነዳጅ መስጫው ላይ አንሥተዋል። መጥረጊያው ነቃ። መኪናዋም ፍሬን እንደተነካ በስሱ ያዝ ስትል ገዲሴ ከወንበሯ ተሰማት። አጠፋችው፤ መኪናዋ ለቀቀች። አበራችው፤ ያዘች።

"ዋቃዮ!" ብላ አምላኳን ጠርታ ጮኸች።

"ምን ሆንሽ?"

"ጋሼ፣ አሁን ቤንዚን አልሰጧትም! ዲናሞውን የሚያዞረው ቁልቁለቱ ነው። ፍሬን ይዘን የምንጥለውን ጉልበት ባትሪው እየበላው ነው! ሁልጊዜ ማጥፋት የለብንም። ፍሬን ሲረግጡ ብቻ ይብራ!"

ጋሼ እንግዳ ዳር ያዙና አቆሙ፤ ዝናቡ ውስጥ ወርደው በእሷ በኩል ዞረው መጡና በመስኮቱ እጇን ጨበጡ።

"እኔ ስደምር ስቀንስ ከረምኩ፤ ያየሽው አንቺ ነሽ" አሏት።

ሳምንቱን ሙሉ ስታስብ ሰነበተች። የፍሬን መብራት የሚያበራውን ስዊች ከዲናሞው ሽቦ ጋር አገናኘችው። በቀጣዩ እሁድ ሦስተኛዋን ሊትር ሞልተው፣ ያንኑ መንገድ፣ መብራት አብርተው ወጡ። ፍሬን በተረገጠ ቁጥር የቴስተሩ ቁጥር ይዘላል፤ በዘለለ ቁጥር ገዲሴ "በላ!" ትላለች። መኪናዋ አሥራ ሁለት ኪሎሜትር ከሃምሳ ሜትር ላይ ጠፋች። ያለ ዲናሞ ከሄደችው ያንሳል፤ ባትሪው ግን ሲነሡ እንደነበረው ነው።

ሁለቱም መንገድ መሐል ወርደው እጅ ለእጅ ተያይዘው ይዘላሉ። ከኋላ የመጣው የሚኒባስ ሹፌር፣ ሙሴ የሚሉት፣ አንገቱን አወጣ።

"ምን ሆናችሁ ነው?"

"ቤንዚን አልቆብን!" አለች ገዲሴ እየሳቀች።

"ታዲያ ይሄ ያስጨፍራል?"

ያኔ ነው ታንከሩ ባዶ መሆኑና ለመመለሻ የሚሆነውን ጄሪካን ጋራዥ ረስተው መምጣታቸው ትዝ ያላት። ሙሴ ወርዶ ከእሷ ጋር መግፋት ጀመረ። ጋሼ እንግዳ መሪውን እንደያዙ በመስኮቱ ወደ ኋላ እየጮሁ ያብራሩለታል፤ ሙሴም እየገፋ፣ በእሱ ሚኒባስ ላይ ሽቦው በየት በኩል እንደሚያልፍ ይጠይቃል።