ብቻህን ሆነህ ስማው

ሲቲ ባሏን ረመዳንን በስልክ ብቻዋን ሆና አናግራው አታውቅም። ረመዳን የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ሳውዲ የገባው ልጃቸው ገና መዳህ ሳትጀምር ነው። ከዚያ ወዲህ ሲደውል ስልኩን መጀመሪያ የምታነሳው እናቱ ናት። ከእናቱ ወደ እህቱ ወደ ኡሙሃኒ፣ ከኡሙሃኒ ወደ ጎረቤት ይዞርና፣ ሲቲ እጅ ሲደርስ ወሬው አልቆ ይቆያል።

«ደህና ነህ?»

«አልሐምዱሊላህ። ልጅቱስ?»

«ደህና ናት።»

ቤት ሙሉ ሰው ዓይን ዓይኗን እያያት ከዚህ ሌላ ምን ትበል?

በኋላ ረመዳን ወደ አገር ከሚመለስ ሰው ጋር ለራሷ የሚሆን ስልክ ላከላት። በኢንተርኔት ድምፅ ቀድቶ የሚልክ ዓይነት ነው። ኡሙሃኒ የቱን ተጭና እንደምትናገር፣ የቱን ነክታ እንደምትልክ አሳየቻት።

ወቅቱ ማሽላው ያሸተበት ነበር። ሲቲ ከዋጃ ወጣ ብሎ ባለው ማሳቸው ማማ ላይ ተቀምጣ ወፍ ትጠብቃለች። ወንጭፏን ጭኗ ላይ አሳርፋ ስልኩን አወጣችና፣ «ረመዳን፣ ይህን ብቻህን ሆነህ ስማው» ብላ ጀመረች። ከዚያ የምትናገረው ጠፋት። በወሬ አልወጣ ያላት ነገር በዜማ መጣላት።

ድምፅህን በስልክ ልከህልኛል፣
ትራሱ ግን ዛሬም ይጠይቀኛል።
ደረቁ ወንዝ እንኳ ክረምት ይመለሳል፣
ሰው እንዴት ደጃፉን በቁሙ ይረሳል?

ሌላም ብዙ አለች፤ ለባል እንጂ ለማንም የማይባል። ወፎቹ ማሽላው ላይ ሲሰፍሩ እያየች እንኳ አላቆመችም። ኔትወርክ ሲመጣላት ላከችው። የረመዳን መልስ አጭር ነበር። «ሰምቸዋለሁ» አለ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። ሲቲ ቅር አላት፤ ግን ለማንም አልተናገረችም።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ቻርጅ አልቀበል አለ። ሲቲ በገበያ ቀን ቆቦ ወረደችና ለከማሉዲን ሰጠችው። ከማሉዲን ገና ወጣት ነው፤ በጠባብ ሱቁ ሞባይል ይጠግናል፣ ለሰውም በሚሞሪ ዘፈን ይጭናል። ሲቲ በርበሬዋንና ጨውዋን ገዝታ ስትመለስ ስልኩ ተሠርቶ ጠበቃት። መርቃው ሄደች።

ማሽላው ታጭዶ ከተወቃ በኋላ አንድ ቀን ከዋጃ ወደ ቆቦ ሚኒባስ ተሳፈረች። ሾፌሩ ዘፈን ከፍቷል። አንዱ አለቀና ሌላው ሲጀምር ሲቲ የራሷን ድምፅ ሰማች። ከኋላው ወፍ ይሰማል፤ የማሳዋ ወፍ ነው።

መጀመሪያ ከራሷ ስልክ የሚወጣ መስሏት ጡቷ ሥር የሸጎጠችውን ስልክ ጨብጣ ያዘች። ስልኩ ግን ዝግ ነው። አጠገቧ የተቀመጠች ሴት በነጠላዋ ዓይኗን እየጠረገች፣ «ይችስ የኔን ነው የተናገረችልኝ» አለች። ከኋላ አንድ ጎረምሳ «ትራሱ ምን ብሎ ጠየቃት?» ብሎ ጓደኞቹን አሳቀ። ሲቲ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። እኔ ነኝ ብትል ታፍራለች፣ ዝጉት ብትል ትታወቃለች። ቆቦ እስኪደርሱ ዓይኗን ከመስኮቱ አልነቀለችም።

በዚያው ሰሞን ረመዳን ደወለ። ዛሬ ከእናቱ አልጀመረም።

«ሲቲ፣ ብቻህን ስማው ብለሽ ነበር» አለ። ድምፁ ሌላ ሰው መሰለ። «ከሮቢት ከተማ የመጡ ልጆች ክፍላችን ውስጥ ከፍተው ሲያዳምጡት አገኘኋቸው። እኔ ብቻየን እንድሰማው የላክሽልኝን ለአገሩ ሁሉ በተንሽው?»

«ወላሂ እኔ አይደለሁም...»

ስልኩ ተዘጋ።

ኡሙሃኒ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። እሷም ድምፁን ባጃጅ ውስጥ ሰምታ ለይታው ነበር፤ ዝም ያለችው እናቷ እንዳትሰማ ብላ ነው። «ለማን ሰጥተሽው ነበር?» አለቻት ቀስ ብላ።

ሲቲ አሰበች። ከእጇ የወጣው አንዴ ብቻ ነው።

ሱቁ ስትሄድ ከማሉዲን ስልኩን ባያስታውሰውም ድምፁን ያውቀዋል። «የወፍ ጠባቂዋን ማለትሽ ነው?» አለ ፈገግ ብሎ። ወዲያው ግን የምታናግረው ሴት ድምፅ ያው ድምፅ እንደሆነ ገባውና ፈገግታው ጠፋ።

«ስፒከሩን ልሞክር ብየ ነው የከፈትኩት፣ እህቴ። አንድ ደንበኛ ሰምቶ ጫንልኝ አለኝ። ከዚያ ሁሉም ጫንልኝ ይል ጀመር። ክፉ አስቤ አይደለም። ደግሞ አንቺ መሆንሽን ማን ያውቃል?»

«መጀመሪያው ላይ ያልኩትን አልሰማህም?»

ከማሉዲን ጠረጴዛው ላይ ያለውን መፍቻ አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ሚኒባሱ ውስጥ ከግጥሙ ነው የጀመረው። ብቻህን ሆነህ ስማው ያልኩት የት ሄደ?»

«ቆረጥኩት» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«የባሌ ስም ስላለበት ነው?»

«አዎ።»

«እንዲያ ከሆነ የሰው መሆኑን አውቀህ ነው የወሰድከው።»

ከማሉዲን ዓይኗ እያየ ከኮምፒውተሩ አጠፋው። «ከሰው ስልክስ?» አለችው። «ከዚያማ እንዴት ይወጣል?» አለ። ይህን ያለው ለማምለጥ አልነበረም፤ የእውነት የሚያደርገው ቢያጣ ነው።

ነገሩ ሸህ ሙሀመድሰይድ ዘንድ ደረሰ። ሸሁ የሁለቱንም ቤተሰብ የሚያውቁ፣ የሰፈሩን ጠብ የሚያበርዱ ሽማግሌ ናቸው። ከመስጊዱ አጥር ጥላ ሥር አስቀመጧቸው።

«ስልኩን ስትሰጥህ ምን ብላ ሰጠችህ?» አሉ።

«ጠግነው ብላ።»

«የሳጥኔን ማጠፊያ ጠግንልኝ ብየ ብሰጥህ ልብሴን አውጥተህ ገበያ ትሸጠዋለህ?»

«አላደርገውም፣ ሸሃችን።»

«ስልኩ አማና ነው፣ አደራ ነው፤ በውስጡ ያለውም አማና ነው።»

ከማሉዲን አዲስ ስልክ ልካሳት አለ። ሲቲ ስልክ አለኝ አለች። «እንግዲያ ምን ይሁንልሽ፣ ልጀ?» አሏት ሸሁ።

«ለባሌ በራሱ አፍ ይንገርልኝ። ደግሞ የኔ ድምፅ በሄደበት መንገድ የሱም ድምፅ ይሂድ። ሰርቄ ነው የወሰድኩት ይበልና በሚጭነው ሚሞሪ ሁሉ ከዘፈኖቹ በፊት ያስገባው።»

የከማሉዲን ፊት ተለዋወጠ። «ከዚያ በኋላ ማን ስልኩን አምኖ ይሰጠኛል?»

«ያን ጊዜ ነበር ማሰብ» አሉ ሸሁ።

ከማሉዲን የዚያን ዕለት ድምፁን ቀዳ። «የወፍ ጠባቂዋ የሚባለው የሴት ድምፅ እንድጠግን ከተሰጠኝ ስልክ ላይ ሳላስፈቅድ የወሰድኩት ነው። ያላችሁ በአላህ አጥፉት።» ከዚያም ረመዳን ጋ ደውሎ ስሙንና ያደረገውን ተናገረ። ረመዳን እስኪጨርስ ሰማው፤ በመጨረሻ «ሲቲን አገናኘኝ» ብቻ አለ።

ሲቲ ስልኩን ይዛ ከሱቁ ጀርባ ዞረች። ማንም አልነበረም።

«አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አለ ረመዳን። «የተቆጣሁት ድምፅሽ አደባባይ ወጣ ብየ ብቻ አይደለም። ያን ጊዜ ስትልኪልኝ ብቻየን የምሆንበት ቦታ አጥቼ ሽንት ቤት ገብቼ ነው የሰማሁት። ልመልስልሽ ብል ድምፄ እምቢ አለኝ። በኋላ አንዱ የሮቢት ልጅ ሲሰማው እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ ያላለቀስኩትን እሱ አለቀሰው። እሱ ነው ያንገበገበኝ።»

ሲቲ ግድግዳውን ተደግፋ አዳመጠችው። ብዙ አወሩ።

የከማሉዲንን ቃል የሰሙ አንዳንዶች ድምፁን አጠፉት። አንዳንዶች ሳቁበት፤ ጭራሽ ከሌላ ቦታ ፈልገው ያስጫኑትም ነበሩ። ከማሉዲን ለጊዜው ደንበኛ ራቀው፤ በኋላ ግን ስልክ ሲቀበል ሚሞሪውን አውጥቶ ለባለቤቱ መስጠት ልማዱ ሆነና ሰው ተመለሰለት። ረመዳን በዚያ ዓመት አልመጣም። ሲደውል ግን መጀመሪያ የሚደውለው ለሲቲ ሆነ።

በሚቀጥለው የሠርግ ወቅት ሲቲና ኡሙሃኒ ሮቢት ሠርግ ተጠሩ። ከበሮው ሲደምቅ አንዲት ልጅ ተነሳችና «ደረቁ ወንዝ እንኳ ክረምት ይመለሳል» ብላ አወረደችው፤ ሴቶቹ እያጨበጨቡ ተቀበሏት። ሁለተኛውን ስንኝ ግን ልጅቷ «ሰው እንዴት አገሩን» ብላ ለወጠችው።

«ደጃፉን ነው» አለች ሲቲ።

«በምን አወቅሽ?» አለቻት ልጅቷ።

ኡሙሃኒ ዞር ብላ አየቻት። ሲቲ ሻሿን ከግንባሯ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ «የኔ ነው» አለች።

ጭብጨባው ቆመ። ሴቶቹ ተያይተው መካከላቸው ቦታ ለቀቁላት፤ አንዲት አሮጊት እጇን ይዘው አስገቧት፣ ልጅቷም ከበሮውን ሰጠቻት። ሲቲ ሁለቱን ስንኞች በራሷ ዜማ አወረደቻቸው። ስትጨርስ፣ «ቀጥይልን እንጂ፤ ቀሪውስ?» አሏት።

«ቀሪው የባለቤቴ ነው» አለችና ከበሮውን ለልጅቷ መለሰችላት።