ለማሽኑ የተገዛው ብርድ

አሰብ ወደብ አጠገብ ባለው የትራንዚት ቢሮ አንድ ኤርኮንዲሽን ብቻ ነበረ። የተገዛው ለኮምፒዩተሩ ነው። ለሰው ቬንትሌተር ይበቃል ተብሏል። ኮምፒዩተሩ ላይ የምትጽፈው አሰጋሽ ነፍሰ ጡር ናት፤ ያንን ሰኔ በማሽኑ ስም ብርዱ ውስጥ ተቀመጠች።

ሙሂዲን እዚያው ክፍል ጥግ ላይ ሰነድ ያዘጋጃል። ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ከአባቱ ሱቅ ቢሮውን የመረጠ፣ በመስኮት መርከብ እያየ ሥራውን የሚረሳ ዝምተኛ ልጅ ነው። ማሽኑ ከሰዓት በኋላ መንቀርፈፍ ሲያበዛ፣ አንድ አሮጌ መጽሔት ላይ ያነበበው ትዝ አለውና የተጠራቀሙትን ጊዜያዊ ፋይሎች አጠፋ። ማሽኑንም አጥፍቶ አበራው። በረረ!

ኃላፊው አቶ ቸሩ ጎን ካለው ክፍላቸው ጠሩት።

«ምን አድርገህ ነው?»

«ውስጡ ቆሻሻ ሞልቶ ነበር፤ ጠረግኩት።»

«ሙቀቱ አይደለም እንዴ?»

መሞገስ ጣፈጠው። «ሙቀት ምን ያደርገዋል ጋሼ!»

«ታዲያ ክፍሉን ለማን ነው የምናበርደው ኢንጂነር?»

በማግስቱ ኤርኮንዲሽኑ ተነቅሎ አቶ ቸሩ ክፍል ገባ። አሰጋሽ ያበጡ እግሮቿን ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ነክራ መጻፍ ጀመረች።

«ይሄ ልጅ በስሎ ነው የሚወለደው» አለች እየሳቀች። «ጨው እንደሆን አሰብ አላጣም።»

ሙሂዲን መሳቅ አቃተው።

አንድ ቀን ማሽኑ ተንቀረፈፈና ፋይሎቹን ሊያጠፋ ሲል መብራት ሄደ። ሲመጣ ማሽኑ እንደገና በረረ። አንድም ፋይል አላጠፋም እኮ! በሌላ ቀን ፋይሎቹን ብቻ አጥፍቶ ማሽኑን ሳያጠፋው ቀረ፤ እንደተንቀረፈፈ ነው። ማጽዳቱ ቦታ ያስለቅቅ ይሆናል፤ ፍጥነቱ ግን የመጣው ማሽኑ ጠፍቶ ከመነሳቱ ነበር።

ይህን አውቆም ዝም አለ። ኢንጂነር መባሉን ወዶታል። ወደ ሳፋው ላለማየት መርከቦቹን ያያል፤ ውሃው ሲንቦጫረቅ ግን ይሰማዋል።

አንድ ከሰዓት አሰጋሽ አዞራትና ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። ያኔ ተነስቶ አቶ ቸሩ ጋ ገባ።

«ጋሼ፣ ያልኩት ልክ አልነበረም። ቆሻሻው አይደለም።»

«ሙቀቱ ነዋ?»

አዎ ቢል ያበቃ ነበር። ግን ሌላ ውሸት መጨመር ይሆናል።

«አይደለም። ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት ነው።»

«እንግዲያ ብርድ አይፈልግማ!» ብለው ሳቁ።

«ማሽኑ አይፈልግም። የምትፈልገው አሰጋሽ ናት።»

የአቶ ቸሩ ሳቅ ቀጥ አለ። በዚያ ቢሮ ለሰው ብርድ የጠየቀ አልነበረም። ኤርኮንዲሽኑን ቀና ብለው አዩት።

«ዘበኛውን ጥራው» አሉ በመጨረሻ፤ «ካቻቢቴ ይዞ ይምጣ።»

አመሻሽ ላይ ክፍሉ ቀዘቀዘ። ሳፋው ተደፋ።

«ተባረክ ሙሂዬ፣ አስመለስክልኝ» አለች አሰጋሽ።

«እትዬ… ያስወሰድኩብሽም እኔ ነኝ።»

ጣቶቿ ከፊደሎቹ አልተነሱም። «አውቃለሁ። ከጋሼ ክፍል የሚለየን ግድግዳ ስስ ኮምፔንሳቶ አይደል? ያን ቀንም ሰምቼሃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተ እስክትነግረኝ ነዋ!» አለችና ጥቂት ጻፈች። «በል በሩን ዝጋው፤ ብርዱ ይወጣል።»

ሙሂዲን ከውስጥ ሆኖ ይዝጋው ከውጭ ግራ ገብቶት፣ እጀታውን እንደያዘ ቆመ።